ቀንበሩ የሰጠመበት ኩሬ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንቶ ትልቁ ሐይቅ ዳር ዳሩን ሲሸሽ፣ ከሐይቁ ተቆርጦ የቀረ አንድ ኩሬ ነበር። ውሃው ሞቅ ያለ፣ ጭቃው ለስላሳ፣ ሣሩ ብዙ ነው። ዳሩን ደንገል ከቦታል። ከደንገሉ ቀጥሎ ቄጠማ አለ። መሀሉን ደግሞ ቅጠሉ እንደ ሰሌን የተነጠፈ የውሃ ሣር ሸፍኖታል። ከሩቅ ለሚያየው ማሳ እንጂ ውሃ አይመስልም። ከሣሩ ሥር ግን ዓሣ ነበረ። ቆሮሶው በመንጋ ይዞራል፤ አምባዛው ጢሙን ዘርግቶ ጥላ ውስጥ ይተኛል።

በዚህ ኩሬ አንድ ሽማግሌ አህያ ይኖር ነበር። አውሬዎቹ አባ ጭነት ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ጀርባው ላይ ፀጉር የማይበቅልባቸውን ቦታዎች አይተው ነው። እሱ ስለ ስሙ ምንም ብሎ አያውቅም። ስለ ሌላውም ነገር ብዙ አይናገርም። ስላለፈው ሲጠይቁት «አልፏል» ይልና ወደ ቄጠማው ይመለሳል።

ያለፈው ቀላል አልነበረም። ጀርባው ሳይጠና ጨው ተሸክሟል። ቁልቁለት ወርዷል፣ አቀበት ወጥቷል፣ ሳይበላ ያደረበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁሉም የማይረሳው ግን አንድ የድርቅ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ከጌታው ሁለት በሬዎች አንዱ ሞተ። ጌታው ሌላ የሚያመጣበት አልነበረውም፤ አህያውን ከቀረው በሬ ጋር ጠመደው። በሬው ረጅም፣ አህያው አጭር። ቀንበሩ ወደ አጭሩ አዘነበለ፤ ክብደቱ ሁሉ በአህያው አንገት ላይ አረፈ። መንደሩ ወጥቶ ሳቀ። አህያው አረሰ። ማሳው አለቀ፤ አንገቱ ላይ ጠባሳ ቀረ። ኋላ ሲያረጅ፣ አንድ እግሩም ሲያነክስ፣ ጌታው መንገድ ዳር ትቶት ሄደ። እሱም የውሃ ሽታ ተከትሎ እዚህ ኩሬ ደረሰ።

እዚህ የሚጭነው የለም። ጠዋት ቄጠማ ይበላል። ሲሞቅ ውሃው ውስጥ ሆዱ እስኪነካ ይቆማል። ሲመሽ መሀል ወዳለችው ትንሽ ጉብታ ይሻገርና እዚያ ይተኛል። መሬቱ የት ጠንካራ፣ የት አረንቋ እንደሆነ እግሩ ያውቀዋል። ከኩሬው በላይ ካለው ኮረብታ ጀርባ የሚኖረው ጅብ ግን አያውቀውም። ሣሩ እግር ይይዛል፣ ጭቃው ይውጣል፤ ጅብ ደግሞ እግሩ ሲያዝ አይወድም። ኩሬው ለአባ ጭነት ምግቡም፣ በሩም፣ መቀርቀሪያውም ነበር። ከዚህ ከወጣ የሚሄድበት የለውም። ይህን ስለሚያውቅ ደስ ብሎት ይኖር ነበር፤ ደስታውንም ለማንም አያወራም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በደንገሉ ጥላ ሥር ተኝቶ ሳለ ድምፅ ሰማ። ዳር ላይ ቀበሮና ጅብ ቆመው ያወራሉ። ጅቡ ደረቅ አጥንት ይቆረጥማል።

«አያ ጅቦ፣ እዚህ ሣር ሥር ያለውን ብታውቅ ይሄን ጠጠር አትቆረጥምም ነበር» አለች ቀበሮ።

«ምን አለ?»

«አምባዛ። የፊት እግርህን የሚያህል።»

«ሥጋ አለው?»

«ሥጋ ብቻ ነው።»

ጅቡ ምራቁን ዋጠ። ሲውጥ እስከ ደንገሉ ድረስ ተሰማ።

«ነገ በማለዳ ለማጥመድ እንመጣለን» አለች ቀበሮ። «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ። አንተም የማጥመጃ ዕቃ ፈልግ።»

ይህን ስትል ነፋሱ ደንገሉን አንኮሻኮሸው። አባ ጭነት ጆሮው ረጅም ነው፤ ብዙ ይሰማል። ነገር ግን ጆሮም እንደ አንገት የድሮው ነገር አይለቀውም። «ለማጥመድ» ያለችውን እሱ «ለመጥመድ» ብሎ ሰማው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት አንድ አፍ መክፈት ነው። አፍ ከተከፈተ ዓሣ ነው፤ ካልተከፈተ ቀንበር ነው።

ጠባሳው አሳከከው።

«ማንን?» ብሎ አልጠየቀም። በአካባቢው የሚጠመድ ሌላ አንገት እንደሌለ ያውቃል። ተነስቶ ወደ መንገዱ ጥቂት ተራመደ። መንገዱ ነጭና ደረቅ ነበር። ዳሩ ላይ አንድም ቄጠማ የለም። ቆመና አየው። ከዚያ ዞሮ ወደ ኩሬው ተመለሰ።

በማግስቱ ሰማዩ ሲገረጣ አባ ጭነት የሣሩ መሀል ገብቶ እስከ አገጩ ተነከረ። ፊቱን ሣሩ ስለጋረደው የሚታዩት ሁለት ጆሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከደንገሉ ጋር ይመሳሰላሉ። አህያ ሲጨንቀው ይበላል። አባ ጭነትም እየጠበቀ በዙሪያው ያለውን ሣር በላ። ፀሐይ ስትወጣ ከፊት ለፊቱ መስኮት የምታህል ጥርት ያለ ውሃ ተከፍታ ነበር።

መጀመሪያ ቀበሮ መጣች። ዓሣ አጥማጆች ከሰፈሩበት ቦታ ያገኘችውን መንጠቆና ሲባጎ በአፏ ይዛለች። ቀጥሎ ጅቡ ከኮረብታው ወረደ። ትከሻው ላይ አንድ ነገር ተሸክሟል። አባ ጭነት አየው። ቀንበር ነው።

አገጩን ወደ ውሃው ይበልጥ ዝቅ አደረገ። የሰማው ልክ ነበር ማለት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ቀበሮ።

«ዕቃው ነዋ።»

«የምን ዕቃ?»

«የመጥመጃ። ራስሽ አምጣ አላልሽም? ከገበሬው ማሳ ዳር ነው ያነሳሁት።»

ቀበሮ ቀንበሩን አንድ ጊዜ ዞረችው። «አያ ጅቦ፣ አምባዛውን ከቆሮሶው ጋር ጠምደህ ልታርስ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የዓሣ ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«ማጥመድ ነው ያልኩህ። ማ። አፍህን ክፈት እስቲ።»

ጅቡ አፉን ከፈተ። «ማ» አለ።

«እሱ ነው። አሁን ጥሩ ተናገርክ።»

«ትናንት አንቺም እንዲህ ብትከፍቺው ኖሮ ይሄን ሁሉ መንገድ አልሸከመውም ነበር።»

«ጠፍሩስ? ቀንበር ማሰሪያ የለውም እንዴ?»

ጅቡ ወደ ኮረብታው ዞሮ አየ። «መንገዱ ረጅም ነበር» አለ። «ቆዳው ደግሞ ይሸታል።»

አባ ጭነት ውሃው ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። ሌሊቱን ሙሉ የተሸከመው ነገር ከላዩ ወረደ። ለትንሽ ነበር ያላናፋው። ለካ የመጡት ለእሱ አይደለም፤ ለዓሣው ነው። አፉን ዘግቶ ቆመ። አሁን መውጣት አይችልም፤ ጅቡ ዳር ላይ ነው። እስኪሄዱ መጠበቅ ነው።

እንዲህ ቆሞ ሳለ እግሩን የሚዳስስ ነገር ተሰማው። ለስላሳ ነው፣ ይነካና ይሸሻል። ዝቅ ብሎ አየ። አምባዛ ነው። ሌላም አለ። በሆዱ ጥላ ሥር ተሰብስበው አፋቸውን ወደ ክፍቱ ውሃ አድርገው ቆመዋል። ትናንሾቹ ቆሮሶዎች ከሣሩ ወደ ክፍቱ ብቅ ሲሉ አምባዛው ወጣ ብሎ ይውጥና ተመልሶ ጥላው ውስጥ ይገባል። አባ ጭነት ብዙ ዘመን ውሃ ውስጥ ሲቆም ይህን ያውቀው ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን አስቦበት አያውቅም።

ቀበሮ መንጠቆዋ ላይ ፌንጣ ሰክታ ወረወረች። ሳበች። ሣር መጣ። ደግማ ወረወረች። የበለጠ ሣር መጣ።

«ዓሣው አረንጓዴ ነው እንዴ?» አለ ጅቡ።

«ዝም በል፣ ይሸሻል።»

«ቅጠል ልበላ ብፈልግማ አህያ ሆኜ እፈጠር ነበር።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሣር ሲመጣ ጅቡ ትዕግሥቱ አለቀ። ዘሎ ገባ። ውሃው ተረጨ፣ ሣሩ እግሩን ያዘው፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ሲወጣ ጆሮው ላይ የውሃ ሣር ተንጠልጥሎ ነበር።

«ሰርገኛ መሰልክ» አለችው ቀበሮ።

ጅቡ ራሱን አራገፈ። «በቃኝ። ትናንት ማታ ብርብራ ለቅሜ ማዶ ካለው ሾላ ሥር አስቀምጫለሁ። ወቅጠን እንበትነው። እስከ ቀትር ኩሬው ውስጥ ያለው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል። የኛ ሥራ መልቀም ነው።»

ብርብራ ፍሬው ሲወቀጥ ዓሣ የሚያሰክር ዛፍ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ትልቁን ሲያሰክር ትንሹን ይፈጃል።

«ጫጩቶቹም ያልቃሉ» አለች ቀበሮ።

«ትንሽም ይበላል።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያ ሌላ ቀን ነው።»

ቀበሮ ጅራቷን አየች፣ ሣሩን አየች፣ ባዶ መንጠቆዋን አየች። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ተነሳች።

አባ ጭነት ጥቂት አሰበ። ውሃው ከተመረዘ የሚጠጣው የለም። ዓሣው አልቆ ኩሬው ከሸተተ እዚህ አይኖርም። ከዚህ ከወጣ ደግሞ ያ ነጭ መንገድ አለ፤ መንገዱ ላይም ይኸው ጅብ አለ። በሕይወቱ ሳይጠየቅ ተናግሮ አያውቅም። ዛሬ ተናገረ።

«ብርብራውን ተዉት።»

ጅቡ ወደ ኋላ ዘለለ። «ኩሬው ተናገረ!»

ቀበሮ አፍንጫዋን አነሳች። «ኩሬ አህያ አህያ አይሸትም» አለች። «አባ ጭነት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለኸው?»

«ከማለዳ።»

«ምን ትሠራለህ?»

«እቆማለሁ።» ከዚያ ጨመረ፤ «እሜቴ፣ መንጠቆሽን እዚህ ጣይው። ክፍቱ ውሃ ጫፍ ላይ። መሀሉ ላይ አይደለም።»

ቀበሮ ፌንጣዋን ሰክታ ወረወረች። ፌንጣዋ በሣሩና በክፍቱ ውሃ ድንበር ላይ አረፈች።

«ልሳብ?»

«ቆይ።»

ቆየች። የውሃ ተርብ መጥታ ሲባጎው ላይ አረፈች። ጅቡ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀበሮ በጅራቷ አፉን ዘጋችው። ፌንጣዋ እግሯን አንቀሳቀሰች። ከሣሩ ሥር አንድ ጥቁር ጥላ ተነሳ፤ ውሃው «ቦጭ» አለ፤ ሲባጎው ተወጠረ።

«አሁን» አለ አባ ጭነት።

ጅቡና ቀበሮ ተጋግዘው ጎተቱ። አምባዛው የጅቡን የፊት እግር አያህልም ነበር፤ ይበልጣል። ጅቡ ጭንቅላቱን ሳይቀር በላው። ከዚያ ወደ ውሃው አየ፤ ከዚያ ወደ አህያው ጆሮዎች አየ፤ ከንፈሩንም ላሰ።

«እሜቴ ቀበሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል።»

ቀበሮ ተንኮለኛ ናት፤ ስለዚህ አርቃ ታስባለች። «ስማኝ አያ ጅቦ» አለችው። «እሱን ከበላኸው አንድ ቀን ትበላለህ። እሱ ሣሩን ከበላ ግን በየቀኑ ትበላለህ። ይህ ሣር ተመልሶ ያድጋል። መስኮት የሚከፍት አፍ አንተ አለህ? እኔ አለኝ?»

ጅቡ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ደከመው። «እሺ» አለ። «እስኪ ለጊዜው።»

አባ ጭነት «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ሰማት። በልቡ አስቀመጣት።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ጊዜ መጣ። አባ ጭነት ሌሊት ሌሊት ጉብታው ላይ ያድራል፤ ማለዳ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ መስኮት ይከፍታል። ቀበሮ ዳር ላይ ትቀመጥና ፌንጣ ትሰካለች። ትንሽ ዓሣ ስትይዝ አህያው ከሣሩ ውስጥ «ትመለስ» ይላል፤ ዓሣዋም ወደ ውሃው ትመለሳለች። ጅቡ ሆዱ ሞልቶ ጥላ ሥር ይተኛል። ውሃው ላይ የደመና ጥላ ያልፋል። ቀበሮ ወሬ ትወዳለች፤ አባ ጭነት ግን ይሰማል እንጂ አይመልስም።

«አባ ጭነት፣ በወጣትነትህ ምን ዓይነት ነበርክ?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«ፈጣን» አለ።

«ሌላስ?»

«ፌንጣሽ ወድቃለች።»

ወድቃ ነበር። ቀበሮ ሳቀች። አህያው ቄጠማውን ያኝካል፤ አምባዛዎቹ በሆዱ ሥር ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ጢማቸው እግሩን ሲነካው ደስ ይለዋል። የሚነካው ሁሉ የሚጭነው እንዳልሆነ በስተርጅና አወቀ።

ጅብ ሲጠግብ ግን ሐሳብ ይመጣለታል፤ ከርሃቡ የሚከፋው ይህ ነው። አንድ ጠዋት ዳር ላይ ተቀምጦ ኩሬውን እያየ፣ «ከአንዲት መስኮት ይሄን ያህል ከበላን፣ ሣሩ ሁሉ ቢነሳ ስንት እንበላ ነበር?» አለ።

«ሣሩ ሁሉ ከተነሳ ዓሣው የት ይተኛል?» አለች ቀበሮ።

«ሆዴ ውስጥ።»

«ማን ያነሳዋል?»

ጅቡ ከደንገሉ ሥር የጣለውን ቀንበር ጎትቶ አወጣ። ያን ዕለት በከንቱ አለመሸከሙን አሁን ስላወቀ ፊቱ በራ። «አየሽ፣ ያኔም አልተሳሳትኩም። መጀመሪያ መጥመድ፣ ከዚያ ማጥመድ ነው። አህያውን እንጠምደዋለን፤ ከኋላው እሾሃም የግራር ቅርንጫፍ እናስርለታለን፤ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። ሣሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ዓሣው መደበቂያ ያጣል።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አባ ጭነት! ና ውጣ፤ ዛሬ ትጠመዳለህ። እምቢ ካልክ ብርብራው አለ።»

አባ ጭነት ከሣሩ ውስጥ ሰማው። ጠባሳው አሳከከው። አባ ጭነት ያንን የድርቅ ዓመት አሰበ፣ የሳቀውን መንደር አሰበ፣ ወደ እሱ ያዘነበለውን እንጨት አሰበ። ቀንበር ምን እንደሚከለክልና ምን እንደሚፈቅድ አንድ በአንድ አስታወሰ። ከዚያ ጆሮዎቹ ቀና አሉ።

«ቀንበር ለአንድ አይሆንም» አለ።

«ምን?»

«ሁለት አንገት ይፈልጋል። በአንድ አንገት ከተጎተተ ይዞራል።»

ጅቡ ወደ ቀበሮ አየ።

«የኔ አንገትማ ቀጭን ነው፣ ያመልጣል» አለች ቀበሮ በፍጥነት። «ደግሞ ሲባጎውን የሚያስር ማን ነው?»

ጅቡ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ አለ። «እኔው ልግባ» አለ በሹክሹክታ። «እንዲያውም ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ታስሮ ከጎኔ ነው። የት ይሄዳል? ዓሣውም የኔ፣ አህያውም የኔ።»

አባ ጭነት ጆሮው ረጅም ነው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዷን ፊደል በትክክል ሰማ። ከውሃው ቀስ ብሎ እያነከሰ ወጣ፤ ዳሩ ላይ ሲደርስ ግን ቀንበሩ ጋ አልቀረበም።

«መጀመሪያ እሱን እሰሪ» አላት ቀበሮን። «እኔ ልማዱ አለኝ።»

ቀበሮ አህያውን አየችው። አህያው ቄጠማ ያኝካል። ቀበሮ የገባት ነገር ነበር፤ ገብቷትም ዝም አለች። ጠፍሩን ጅቡ ስለበላው በሲባጎ አሰረችው፤ አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ አህያውን ከግራ አሰረች። ቅርንጫፉን ከኋላ አንጠለጠለች። አባ ጭነት ጅቡን ጥልቁ ባለበት በኩል አደረገው።

ገቡ። መጀመሪያ ላይ ቅርንጫፉ ሣር እየነቀለ ተከተላቸው። ጅቡ «አየህ?» አለ ኩራት ኩራት እያለው። ጥቂት ሲሄዱ ግን የአህያው ትከሻ ከጎኑ ሞቀው፤ ሽታው አፍንጫው ገባ። ሥራው እስኪያልቅ መጠበቅ አቃተው። በድንገት ሊነክሰው ዞረ።

አንገቱ አልዞረም። ጥርሱ አየር ላይ «ቀጭ» አለ። እንደገና ሞከረ። እንደገና «ቀጭ» አለ።

«አይዞርም» አለ አባ ጭነት።

«ምኑ?»

«አንገት። እኔም ሞክሬዋለሁ።»

አባ ጭነት መራመዱን ቀጠለ። እሱ የሚረግጠው የድሮው ሐይቅ ዳርቻ የነበረ ጠንካራ መሬት ነው፤ ጅቡ የሚረግጠው አረንቋ ነው። ጅብ የፊት እግሩ ረጅም፣ የኋላ እግሩ አጭር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኋላው ሰጠመ። ከዚያ ሆዱ ሰጠመ። የተነቀለው ሣር ቅርንጫፉ ላይ ተከምሮ ከበደ፤ ቅርንጫፉ የታሰረበት ሲባጎ የጅቡን የኋላ እግር ጠመጠመው። ቀንበሩ ወደ አጭሩ አዘነበለ። በዚህ ጊዜ አጭሩ አባ ጭነት አልነበረም።

«አባ ጭነት፣ ወደ ዳር እንውጣ» አለ ጅቡ።

«ሣሩ አላለቀም።»

«ሣሩ ይቅር።»

«በአንድ ቀን ያልቃል ብለሃል።»

«አላልኩም። ማለቴ፣ ብያለሁ፤ ግን የእውነት አልነበረም።» ውሃው አገጩ ደረሰ። «አንገቴን አመመኝ።»

«ያማል» አለ አባ ጭነት። ቆመ። እሱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጅቡ እስከ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢሄድ ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁታል። አባ ጭነት ያን እርምጃ አልሄደም። ወደ ዳሩ አየና «እሜቴ» አለ። «ብርብራው ከሾላው ሥር ነው። ውሰጂና ከኮረብታው ወዲያ፣ ጎርፍ ወደዚህ በማያመጣበት በኩል ቅበሪው።»

«እሱ እሺ ይላል?» አለች ቀበሮ።

«እሺ» አለ ጅቡ ከውሃው ሥር፤ አረፋ ወጣ።

ቀበሮ ሄደች። ስትመለስ መዳፏ አፈር ነበር። እስክትመለስ አባ ጭነት አጠገቡ የደረሰችውን የውሃ ሣር ቅጠል ገመጥ አድርጎ በላ። ጅቡ አፍንጫውን ከውሃው በላይ ለማቆየት ተንጠራራ። ቀበሮ በጉብታው በኩል ዋኝታ መጣችና መጀመሪያ የአህያውን ማሰሪያ ቆረጠች። አህያው ጉብታው ላይ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ የጅቡን ቆረጠች። ጅቡ እየዳኸ፣ እየወደቀ፣ እያስነጠሰ ዳር ደረሰ። ቀንበሩ ከነቅርንጫፉ፣ ከነሣሩ አረንቋው ውስጥ ቀስ ብሎ ሰጠመ።

ጅቡ ያን ቀን ሮጦ ሄደ። በማግስቱ ግን ራበውና ተመልሶ መጣ። ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ቀበሮ አንድ አምባዛ ወረወረችለት፤ በላው። አህያውን ማየት ሲጀምር አባ ጭነት ከሣሩ ውስጥ «ቀንበሩ እዚያው ነው» ይለዋል። ጅቡ አንገቱን ያሻሽና ወደ ደመናው ያያል። ከዚያ ወዲያ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ከአፉ የሰማ የለም።

ቅርንጫፉ የነቀለው ቦታ ሳይቆይ መልሶ ሣር ለበሰ። የሰጠመው ቀንበር ላይም ሣር በቀለበት፤ ሥሩ ጥላ ሆነ። የኩሬው ትልልቅ አምባዛዎች እዚያ መተኛት ጀመሩ። ቀበሮ ከየትኛውም መስኮት ይልቅ ያችን ትወዳለች። አባ ጭነትም ቀንበሩ ዳር መስኮት መክፈት አይረሳም። እዚያ ሲደርስ ቆም ይላል፤ በክፍቱ ውሃ ወደ ታች ያያል፤ እንጨቱ ጭቃ ለብሶ፣ ዓሣ በላዩ እያለፈ ይታየዋል። ጠባሳው አልጠፋም። ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን አያሳክከውም።

ዝናቡ ሊመጣ ሲያጉረመርም አንድ ማለዳ ቀበሮ መንጠቆዋን ይዛ ዳር ላይ ቆመች።

«አባ ጭነት! ለማጥመድ መጥቻለሁ።»

ከሣሩ ውስጥ ሁለት ጆሮዎች ተነሱ። «ምን አልሽ?»

ቀበሮ እየሳቀች አፏን በሰፊው ከፈተች። «ማ» አለች፤ «ለማጥመድ።»

«እንዲያ በይ» አለ አባ ጭነት፣ ወደ ቄጠማውም ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ በየቀኑ የሚያበላንን ነገር በአንድ ቀን ልንጨርሰው ስንቸኩል፣ ለሌላው አንገት ያዘጋጀነው ቀንበር በራሳችን አንገት ላይ እንደሚያርፍ ነው።